የት እንዳለሽ የሚያውቀው ሰው

ውድ እትዬ፣

ትናንት አንዲት ነርስ ነጭ ጋውን ይዛ ወደ ልብስ ስፌት ሱቄ መጥታ «እጅጌውን አሳጥሪልኝ» ስትለኝ ጋውኑን ተቀብዬ ደረቴ ላይ አቀፍኩት። ያንቺን ስንቴ አሳጥሬልሽ ነበር!

በሰልፉ የቆሰሉትን ልጆች እቤት አምጥተሽ ስላከምሽ የደኅንነት ሰዎች በጠራራ ፀሐይ መጡብሽ። ፀጉርሽን እያጠብኩልሽ ነበር። በሩን ገንጥለው ሲገቡ «ማን ፈቀደላችሁ?» አልሻቸው። አለቃቸው፣ ያ ከላይኛው መንገድ የሚኖረው ባለመነጽር፣ ሳቀ። «ለኛ ደግሞ ማን ይፈቅዳል?» ሳሙናው ከራስሽ ሳይለቅ ወሰዱሽ።

አብዮቱ አሸንፎ አደባባይ ስንወጣ፣ ከሰው ጋር እየዘለልኩ ዓይኔ አንቺን ይፈልግ ነበር። እስር ቤቶቹ ሲከፈቱም የለሽም፤ ገድለው እንደቀበሩሽ ከወጡት እስረኞች ሰማን። ከዚያ አዲሱ ሕገ መንግሥት ወጣ። ያለ ዳኛ ትእዛዝ የማንም ቤት እንደማይደፈር፣ ማንም በራሱ ላይ እንዲመሰክር እንደማይገደድ በሬዲዮ ሲነበብ እማዬ «ለመንግሥትም ልክ ተበጀለት!» ብላ አለቀሰች።

በዚያው ሰሞን ባለመነጽሩ ከተደበቀበት ተመልሶ ቤቱ መግባቱ ተሰማ። ስደርስ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጥቷል፤ ፖሊሶች በሩን ከበዋል። የፖሊሶቹ የመቶ አለቃ ጠጋ አለኝ።

«የዳኛ ትእዛዝ እስኪመጣ ምን አስጠበቀን? የተበደልሽው አንቺ ነሽ። እሺ ካልሽ በሩን ሰብረን እናወጣዋለን። የት እንደቀበራት በዱላ ይለፈልፋል።»

እትዬ፣ «ስበሩት!» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ከውስጥ ትንሿ ልጁ «አባዬ፣ እንዳትከፍትላቸው!» እያለች ስትጮህ ሰማሁ።

«ዳኛ ይጠየቅ» አልኩ።

ጓደኛሽ ፋርማሲስቷ «ደም የለሽም እንዴ?» ብላ ፊቷን አዞረችብኝ። እስከ ዛሬ አታናግረኝም።

ትእዛዙ ከሰዓት በኋላ መጣ፤ አንኳኩተው ወሰዱት። ችሎት ላይ ጠበቃ ቆመለት። የት እንደተቀበርሽ ሲጠየቅ «አልናገርም» አለ።

«መብቱ ነው» አለች ዳኛዋ።

«የእህቴስ መብት?» ብዬ ከወንበሬ ተነሳሁ። ዳኛዋ ልታስወጣኝ ትችል ነበር፤ አላስወጣችኝም።

በሌሎች ምስክርነት ሃያ ዓመት ተፈረደበት። ያንቺ ቦታ ግን ከአፉ አልወጣም። እማዬ «እህትሽም ብትሆን ዳኛ ይጠየቅ ትል ነበር» ትለኛለች። አንዳንድ ቀን አምናታለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ በገዛ አፌ ያጣሁሽ ይመስለኝና ትራሴን ነክሼ አለቅሳለሁ።

ሐሙስ ሐሙስ ሱቁን ዘግቼ እስር ቤት ሄጄ እጠይቀዋለሁ። ከአጥሩ ማዶ ይቀመጣል፣ አያየኝም። «እህቴ የት ናት?» እለዋለሁ። ዝም ይላል። የጠያቂ ሰዓት እስኪያልቅ ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ፤ ይሄ ደግሞ የኔ መብት ነው።

ባለፈው ልነሳ ስል ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ።

«ስሟን እንኳ አላስታውስም» አለኝ።

ነገርኩት። ቀስ ብዬ፣ እየደጋገምኩ፣ ከነአባታችን ስም ነገርኩት። ከንፈሩ ሲያነበንበው አየሁ።

የምትናፍቅሽ
ድንቢጥሽ