ሃምሳ ስምንት ኪሎ የነበርኩት እኔ

ለምወድሽ ለእታለም፤

እንዴት ነሽ? ጤናሽ፣ ጉልበትሽ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? እማዬስ ወገቧን ተሻላት? ባልሽና ልጆችሽ ደህና ናቸው? ስለ እኔ ከጠየቅሽ፣ ተመስገን፣ ዛሬ ደህና ነኝ። «ዛሬ» ያልኩበት ምክንያት አለኝ፤ እሱን ልነግርሽ ነው ወረቀት ይዤ የተቀመጥኩት።

ባለፈው ደብዳቤሽ ጫፍ ላይ፣ እንደ ቀልድ አድርገሽ፣ ቀሚሶችሽ ሁሉ እንደሰፉሽና አንድ በአንድ እንዳጠበብሻቸው ጽፈሻል። ደረጃ ስትወጪ ልብሽ እንደሚመታ፣ እጅሽም እየተንቀጠቀጠ ክር በመርፌ አላስገባ እንዳለሽ ጨምረሽ «እርጅና ነው» ብለሻል። የአርባ ዓመት ሴት ምን አርጅታ፣ እታለም? ያቺን መስመር አምስት ጊዜ አነበብኳት፤ ፈራሁ። አንድ ነገር እንድታደርጊልኝ እፈልጋለሁ። ምን እንደሆነ እንዲገባሽ ግን መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገርሽ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ጥጥ መጋዘን ውስጥ መዛኝ ነኝ። ድሮ ቁጥሩን በእጄ መዝገብ ላይ እጽፍ ነበር። ከሦስት ዓመት ወዲህ ዲጂታል ሚዛን ገብቶልናል። ከወለሉ ጋር እኩል የሆነ ሰፊ ብረት ነው። የታሰረው ጥጥ በጋሪ መጥቶ ላዩ ላይ ያርፋል፤ ቀዩ ቁጥር ትንሽ ይዋልላል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። ቀጥ እንዳለ ራሱ ቁጥሩን ከተማው ማዶ ወዳለው ዋና መሥሪያ ቤት ይልከዋል። እኛ «ላይ ቤት» ነው የምንለው። ጠዋት ፀሐይ በጣሪያው ክፍተት ስትገባ የጥጥ ብናኝ ይንሳፈፋል፤ ቁጥሮቹም አብረውት ተነሥተው፣ በየጣሪያው ላይ፣ በተሰጣ ልብስ መሃል ቀስ እያሉ ሲያልፉ የማያቸው ይመስለኛል። አለቃዬ «ይቺ ልጅ ዛሬም የለችም» ይላል። እውነቱን ነው፤ ግማሽ ቀን የለሁም።

ሥራ ከመጀመሬ በፊት ሚዛኑን መፈተሽ አለብኝ። ለዚህ ተብሎ የሃያ ኪሎ ብረት ተሰጥቶናል፤ ግን ማዶ ጥግ ነው የተቀመጠው፣ ወገብ ይቆርጣል። እኔ ደግሞ ስንፍናዬን ታውቂያለሽ። ሃምሳ ስምንት ኪሎ ነኝ፤ ጫማዬን አውልቄ ስቆምበት ሃምሳ ስምንት ካለ ሚዛኑ ልክ ነው ማለት ነው። ቁጥሩ ላይ «ሙከራ» የሚል ምልክት አደርግበታለሁ፣ እኔም እንደ ጥጡ ወደ ላይ ቤት እሄዳለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ የሚዛን ድንጋይ ሆኜ ኖርኩልሽ።

ዝናቡ ሲገባ ሚዛኑ ማጉደል ጀመረ። ሃምሳ ሰባት ሲል አቧራ ይሆናል ብዬ ጠረግኩት። ሃምሳ ስድስት ሲል ኬብሉን ነቅዬ ሰካሁት። በዚያ ሰሞን ሙቀት ሙቀት ይለኝ ነበር፤ እንቅልፍም እንቢ አለኝ፤ ልቤ ደግሞ ቁጭ ባልኩበት ይሮጣል። የእናንተ ናፍቆት ነው ብዬ ተውኩት። ልዋሽሽ አልችልም፣ ደስም ይለኝ ነበር፤ ስሄድ እግሬ ወለሉን የማይነካ ይመስለኛል። ሃምሳ ሦስት ሲደርስ ግን ነደደኝ። የሰው ጥጥ ያለ አግባብ እየጎደለ ነው ብዬ ለአለቃዬ አመለከትኩ። ሥራ ቆመ። ጭነት የያዙ መኪኖች በር ላይ ተሰለፉ፤ ሾፌሮቹ እኔን እያዩ አጉረመረሙ።

ቴክኒሻን መጣ። ማኅተም ያለባቸውን ብረቶቹን አንድ በአንድ ደረደረበት። ሃያው ሃያ አለ፣ መቶው መቶ አለ። ሚዛኑ ምንም እንዳልሆነ ነገረኝ። እኔ ግን ሃምሳ ስምንት ኪሎ ነኝ ብዬ ድርቅ አልኩ። እስቲ ቁሚበት አለኝ፤ ቆምኩ፤ ሃምሳ ሦስት። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ሳቁ ሳያልቅ ስልክ ጠራ። ቁጥሮቹን የምትቀበለው የላይ ቤቷ ሴትዮ ናት። ይህን ሁሉ ጊዜ ቁጥር ስልክላት ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም ነበር። በየጠዋቱ የላክሁትን «ሙከራ» ዝናቡ ከገባበት ሳምንት ጀምራ ቀስ ብላ አነበበችልኝ፤ ቁጥሩ ሲወርድ፣ ሲወርድ ሰማሁት። ከዚያ «ይሄ ሙከራ የምትሉት ምንድን ነው?» አለችኝ። «እኔ ነኝ» አልኳት። «እህቴ፣ ጥጡ ልክ ነው፤ የጎደልሽው አንቺ ነሽ። ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂጂ» አለችኝ። አንዲት የማላውቃት ሴት ጠዋት ጠዋት ስጎድል ስታየኝ ነበር። እንባዬ መጣ።

ሐኪሙ አንገቴን ዳበሰኝ፣ ደም አስመረመረኝ። እዚያ ያለች ትንሽ ዕጢ ከልኳ በላይ እየሠራች ነው፤ ልቤን የምታስሮጠው፣ ሥጋዬንም የጨረሰችው እሷ ናት። ኪኒን አዘዘልኝ። ከዚያ ቀና ብሎ «እህት አለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። አንዷን ከያዘ ሌላዋንም ሊይዝ ይችላል፤ ቶሎ ከተደረሰበት ይድናል፣ ችላ ካሉት ግን ልብን ይጎዳል አለ። የአንቺ ደብዳቤ የደረሰኝ ከዚህ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ነው። አየሽ እታለም፣ እኔ ሚዛኑን ከሰስኩ፣ አንቺ ቀሚሱን አጠበብሽ።

አሁን ሃምሳ አምስት ደርሻለሁ። አንዳንዴ ብረቱ ላይ ቆሜ፣ የጎደለው ኪሎ የት ሄዶ ይሆን እላለሁ። ቀድሞኝ ቤት የገባ፣ እናንተ ደጃፍ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ይመስለኛል።

አክስታችንን፣ የእማዬን እህት፣ ታስታውሻለሽ፤ በአንቺ ዕድሜ ከሳች፣ ከሳች፣ ሰው ሁሉ ሐሳብ ነው አለ። ማንም አልመዘናትም። ሐኪም ዘንድ ሂጂ፣ አንገትሽን አሳዪ፣ ደምሽን አስመርምሪ። ሥራ በዛብኝ እንደምትዪ አውቃለሁ። ቀሚሱ ይቆይ።

ለዝምተኛው ባልሽ ሰላም በይልኝ፤ ለአንድ ቀን እንኳ ተናግሮ ያሳምንሽ። ለትልቁ ልጅሽ፣ ቁመቱ እኔን አለፈ የተባለው እውነት ከሆነ ቅር ብሎኛል በይው። ለፍላፊዋን ልጅሽን ጉንጯን ሳሚልኝ።

ለእማዬ ደብዳቤዎቼን የምታነቢላት አንቺ ስለሆንሽ ይህንንም እያነበብሽላት ነው፤ ድምፅሽን ዝቅ እንዳታደርጊ። እማዬ፣ ጉልበትሽን እስማለሁ። እህትሽን የወሰዳት ሐሳብ አይደለም። አሁን የምታነብልሽ ልጅሽ ታማለች። ወረቀቱን ከእጇ ተቀበያትና ይዘሻት ሂጂ።

እህትሽ

ከጥጥ መጋዘኑ፣ ከሚዛኑ አጠገብ
ሐሙስ ረፋድ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን