በአንድ በኩል የበየድኩት ብረት

ደብረ ታቦር
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ ለሀያት

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ሰነብተሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትሽ ሩቅያም ደህና ናት፤ ጉልበቷን ያማታል፣ አንደበቷን ግን ምንም አልነካውም። የዘንድሮው ብርድ ከጉና ቀጥታ ወደ ብየዳ ቤቴ የሚወርድ ነው የሚመስለው። ጠዋት ብረት ስይዝ ማን ማንን እንደያዘ አይታወቅም።

የላክሽው የክብደት ማንሻ ብረት ደርሷል። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ሦስት ሳምንት ፈጅቶ፣ በጆንያ እንደተጠቀለለ ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ወረደ። መናኸሪያ ሄጄ ስቀበል ረዳቱ፣ “ጋሼ፣ ይሄ የምን ዕቃ ነው?” ብሎ ጠየቀኝ። “የእህቴ ልጅ የላከችልኝ የጥርስ መጎርጎሪያ ነው” አልኩት። ሳይስቅ ጥርሴን አየ።

ሀያቴ፣ ምን ብዬ እንደማመሰግንሽ አላውቅም። ክለባችሁ አዲስ ሲገዛ ያስወገደውን ለምነሽ፣ ሁለት የጎማ ክብደት ጨምረሽበት፣ ጭነሽ መላክሽ! ስምንት ዓመት ሙሉ ከተሰበረ ማሽን ላይ ባወጣሁት ዘንግና ሲሚንቶ በሞላሁባቸው የቀለም ጣሳዎች ስንታገል ለኖርን ሰዎች ይህ ሠርግ ነው። ያ የጋሳይ ተወላጁ ድንች ጫኝ ይሻው እንኳ፣ ዛሬም ከሥራ ሲወጣ እየመጣ የሚለማመደው፣ የጎማውን ክብደት በመዳፉ እየዳሰሰ “ይህንስ አላነሳውም፤ ይዤው እተኛለሁ” አለ።

ምስጋናዬን ከተቀበልሽ አሁን ጥፋቴን ስሚ። በስልክ ብነግርሽ ገና ሳልጀምር “ኧረ አጎቴ!” እያልሽ ታቋርጪኛለሽ። ወረቀት ግን ቢቆጡትም ዝም አይልም፤ ስለዚህ ጻፍኩት።

ብረቱን ከጆንያው ስናወጣው፣ ክብደቱ የሚገባበት ጫፍ በእጅ ሲነካ ይሽከረከራል። ይሻው ገፋ አደረገው፤ ዞረ። እንደገና ገፋው፤ ዞረ።

“ኧረ ጋሽ ሸሪፍ፣ ይህ ነገር ለቋል” አለኝ።

“ወዲያኛውስ?”

“ወዲያኛውም ለቋል። ለዚህ ነዋ የጣሉት! ልጂቱን አታለዋት ይሆን?”

ለአንቺ አዘንኩ። መቼም ታውቂኛለሽ፤ እኔ የበየድኩት በር ቤቱ ቢፈርስ ብቻውን ቆሞ ይቀራል። ሰዉ “የሸሪፍ ሥራ አይነቃነቅም” የሚለኝ ለዚህ ነው፤ የራሴንም ዘንግ ጫፍና ጫፉን ግጥም አድርጌ የበየድኩት በዚሁ ኩራት ነበር። “ሀያት ብትሰማ ታፍራለች፤ ሳትሰማ እናድንላት” ብዬ ኤሌክትሮዴን አነሳሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ በጣም ያማረ ብየዳ ነበር። የቀኙን ጨርሼ ወደ ግራው ልሻገር ስል መብራት ጠፋ። መብራት ኃይልን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያመሰገንኩት በዚህ ነው፤ ያመሰገንኩት ግን ቆይቶ ነው፤ በሰዓቱስ የተሳደብኩትን አልጽፈውም።

ይሻው ሆዬ “መብራቱ እስኪመጣ እኔ ልሞክረው” ብሎ ሁለቱን የጎማ ክብደት አስገባና ከመሬት ብድግ አደረገው። ደረቱ ጋ ደርሶ ሊገለብጠው ሲል ግራው ዞረ፣ ቀኙ እምቢ አለ። ብረቱ ገና እንደተጠመደ ወይፈን ተጠማዝዞ ከእጁ አመለጠና የውኃ በርሜሌን ገጨው። ይሻው የእጁን አንጓ ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ። (አይዞሽ፣ ትንሽ አብጦ ነበር፤ አሁን ድንች እየጫነበት ነው።)

“ጋሽ ሸሪፍ፣” አለኝ፣ “ይህን ነገር አዳኑት ወይስ ገደሉት?”

በማግሥቱ አሰልጣኝሽ ዝናሽ ደወለች። ስልኬን ከአንቺ እንዳገኘችው ነገረችኝ።

“ብረቱ ደረሰዎት? ዳር ዳሩ በደንብ ይዞራል?”

“በአንድ በኩል ይዞራል።”

“በሌላውስ?”

“በሌላው በይጄዋለሁ።”

መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ “ሃሎ፣ ሃሎ” አልኩ። ለካ ስልኩን ከአፏ አርቃ እየሳቀች ነው። ሳቋ ሲወጣላት እንደ ልጅ አስረዳችኝ። ጫፉ ውስጥ እንዲሽከረከር የሚያደርግ ኩሽኔታ አለው፤ ሲነሳ ክብደቱ ባለበት እየቀረ ብረቱ ብቻ በእጅ ውስጥ ይገለበጣል። ካልዞረ ግን ሰውየው ክብደቱንም አብሮ መገልበጥ አለበት፤ እግሩን ይተውና በክንዱ መታገል ይጀምራል። በዚያች በተሰነጠቀች ስልኬ ቪዲዮ እያየሁ ራሴን ሳስተምር፣ የሰዎቹን እጅ እንጂ የብረቱን መዞር ከየት ልየው?

ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ።

“ጋሽ ሸሪፍ፣ ሀያትም በክንዷ ነው የምትታገለው። እንደ እሷ ያለ እግር ያላት ልጅ አሠልጥኜ አላውቅም። ነገር ግን ብረቱ ገና ጉልበቷን ሳያልፍ ክርኗን ታጥፋለች። አራት ወር ሙሉ ነገርኳት። ‘አጎቴ እንዲህ አላስተማረኝም’ ትለኛለች። የቡድኑ ምርጫ በጥር ነው። እስከዚያ ካልተወችው ከቡድኑ ትወጣለች፤ እኔም ላስቀራት አልችልም።”

የክለቡ ልጆች “ማነው እንዲህ ያስተማረሽ?” ብለው ሲስቁ ምሳሽን ጥለሽ መውጣትሽንም ነገረችኝ።

ስልኩን ዘጋሁ። “ክርንሽን እጠፊ! ሳቢ! በክንድሽ ሳቢ!” እያልኩ ጆሮሽ ሥር የጮኽኩት እኔ ነኝ። አንቺም ቃሌን ሳታጎድይ፣ እኔ ያበላሸሁትን በክብር ይዘሽ አዲስ አበባ ገባሽ።

ስሜን ስላላስነካሽልኝ አላህ ያክብርሽ። ወንድ ልጅ ቢኖረኝ ከዚህ የበለጠ አያደርግልኝም። አሁን ግን አስነኪው። ነገ ልምምድ ስትገቢ “አጎቴ ተሳስቷል” በይ። ጮክ ብለሽ በይው፤ እኔ ከዚህ አልሰማም። ቢስቁም አብረሽ ሳቂ፤ ብየዳውን ቢያዩት ኖሮ ደግሞ ያጨበጭቡ ነበር። ዝናሽ “እጅ ገመድ ነው፤ የሚያነሳው እግርና ዳሌ ነው” አለችኝ። እኔ ያስተማርኩሽ ነገር ቢኖር እግርሽን ማጠንከር ነው፤ ያቺን ብቻ ያዢ። የክንዱን እዚያው አዳራሹ በር ላይ ጣይው።

ይህን የምጽፈው ሞክሬ ነው። ብየዳዬን በግራይንደር ፈቅፍቄ አወጣሁት፤ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ የጥሩ በያጅ ጠላቱ ራሱ ነው። ኩሽኔታውን በናፍጣ አጥቤ፣ በቅባት አርሼ መለስኩት። ከዚያ ክብደት ሳላበዛ በሃምሳ አራት ዓመት ጉልበቴ አነሳሁት። ሀያቴ፣ ብረቱ በእጄ ውስጥ ራሱ ዞረ! አልታገለኝም። እኔ ስምንት ዓመት የተጣላሁት ከብረት ጋር ሳይሆን ከራሴ ብየዳ ጋር ነበር። ይሻው ከኋላዬ “ዘዴውን አገኙት እንዴ?” ሲለኝ ደግሜ አነሳሁት።

አሮጌውን ዘንግ ቆራረጥኩት። ሌላ ሰው እንዳይማርበት ብዬ ነው። ስጨርስ እናትሽ መጣች።

“ዓይንህ ምን ሆነ?”

“የብረት ብናኝ ገባበት።”

“መነጽር አድርገህ የለም እንዴ?”

ይቺን ሴትዮ መቼም ምንም አያመልጣት። ቁራጮቹን ለፍየሏ ማሰሪያ ወስዳቸዋለች፤ ቢያንስ ፍየሏ አታመልጥም።

ዝናሽ በየሳምንቱ አንድ አንድ ነገር በስልክ ልታስተምረኝ ቃል ገብታለች። የመጀመሪያው ትምህርት በመጥረጊያ እንጨት ነው። እጄን ሳላጥፍ በእግሬ ተነስቼ፣ እንጨቱን በሆዴ አጠገብ እያሳለፍኩ (ሆዴ መንገድ ቢዘጋም) ከራሴ በላይ አደርሰዋለሁ። እናትሽ በር ላይ ቆማ አይታኝ አይታኝ፣ “ስትጨርስ ደጁንም ጥረግ” አለችኝ። እስካሁን ክርኔ በሦስተኛው ሙከራ ላይ ይታጠፋል። ክፉ ልማድ ነው፤ በአራት ወር አለመልቀቁ አይግረምሽ። ግን ይለቃል። ከእኔ ከሽማግሌው ከለቀቀ ከአንቺ የማይለቅበት ምክንያት የለም።

ይህን ደብዳቤ ለዝናሽ አሳዪያት፤ ከእንግዲህ “አጎቴ” የሚል ምክንያት እንዳይቀርሽ። ጥር ላይ ስትመረጪ ደውዪልኝ። ካልተመረጥሽም ደውዪልኝ፤ ያኔ የምትቆጪው ሰው ያስፈልግሻልና።

አላህ እግርሽን ያጽና፤ መዳፍሽን ከመላላጥ፣ ወገብሽን ከሕመም ይጠብቅልሽ። ያሳደገሽን ቤት እንዳሰብሽ እሱም አይርሳሽ። አሚን በይ።

እስከ ዛሬ በጻፍኩልሽ ሁሉ ከስሜ በላይ “አሰልጣኝሽ” እያልኩ እፈርም ነበር። ያንን ለባለቤቱ መልሻለሁ። የቀረኝ ይሄ ነው፤ ይሄን ደግሞ ማንም አይወስድብኝም፦

አጎትሽ
ሸሪፍ