ያለቦታው ስለወጣው አሜን

ለተከበራችሁ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች፣ በያላችሁበት፤

ጤናችሁ እንዴት ነው? ጉልበታችሁስ፣ ወገባችሁስ፣ በተለይ ደግሞ ሰሞኑን ብዙ የለፋው ጆሯችሁ እንዴት ሰነበተ?

በከባድ ሐዘን የማሳውቃችሁ ነገር አለ፤ በቤታችን ውስጥ አንድ አሜን ያለቦታው ወጥቷል።

እንደምታውቁት፣ አሜን በጸሎቱ መሃል ጮክ ተብሎ ይባል ወይስ መጨረሻ ላይ ቀስ ተብሎ በሚለው ታላቅ ጥያቄ የተነሳ፣ ጯሂው በግራ ዝምተኛው በቀኝ ተቀምጦ፣ መተላለፊያውን እንደ ድንበር ስንጠብቅ ከርመናል። የጯሂዎቹ አውራ፣ በጉሮሯቸው ምክንያት ጋሽ ክላክስ የምንላቸው የአውቶብስ ሹፌር ናቸው። ታዲያ አንድ እሁድ ሰብሳቢያችን ዓይናችንን አስጨፍነው፣ በትሕትና «ጌታ ሆይ፣ እኛ መሪዎች ግትሮች ነን» ከማለታቸው፣ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ «አሜን!» ከኋላ ተለቀቀ።

ምስጋናዬ እነሆ፦

፩ኛ፣ ስለ ፍጥነታችሁ። ጣሪያው ሲያፈስ ለመሰብሰብ ክረምቱ እስኪወጣ የጠበቃችሁ ሰዎች፣ ለአሜኑ ግን ምሳ እንኳ ሳትበሉ ተሰብስባችሁ፣ ጋሽ ክላክስን «ድምፅዎን እስኪያርሙ እቤትዎ ይጸልዩ» አላችኋቸው።

፪ኛ፣ «በዓይናችን በብረቱ አየናቸው» ብለው ስለመሰከሩት ሁለት የዝምተኛው ወገን ወንድሞች። እንዲህ ያለ ዓይን ይብዛልን።

፫ኛ፣ እዚህ ላይ ምስጋናዬ አለቀብኝ። ከትናንት ወዲያ አውቶብሳቸው ላይ ስሳፈር ጋሼ በመስታወቱ አዩኝና፣ «አንተ ቀበጥ፣ እኔ እኮ ማለቴን አላስታውስም፤ ግን ሳላውቀው አምልጦኝ ይሆናል፤ ይሄን አፌን መቼም አላምነው» አሉኝ። እኔ ተረበኛው ከፌርማታዬ ቀድሜ ወረድኩ። ባለቤታቸው ደግሞ እሁድ እሁድ ቦርሳቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ቦታ ይይዙላቸዋል። ቦርሳዋን እስከ ቡራኬ አያነሷትም።

ክቡራን ሆይ፣ ያ አሜን የኔ ነው። ከትምህርት ቤት የሰው ድምፅ ከማስመሰል ሌላ ይዤ የወጣሁት እውቀት የለም፤ ሁሉም ዓይኑን ሲጨፍን ደግሞ አፌን ይበላኛል። ግራና ቀኙ ተያይቶ ይስቃል ብዬ ነበር። የሳቀ ግን የለም፤ ይልቅ ጋሼ ከወንበራቸው እንዲነሱ ተደረገ፤ እሳቸው ሲነሱ እኔ ቁጭ እንዳልኩ ነበርኩ።

ስለዚህ እቤቱ የሚጸልይ ሰው ከተፈለገ እኔ አለሁ፤ እሳቸውን ወደ ቦርሳዋ ቦታ መልሱልን። ይቅርታውንም በሁሉም ፊት ቆሜ፣ በገዛ ድምፄ እጠይቃቸዋለሁ።

ለነገሩ፣ ይህን ሁሉ ያመሰን ነገር ሲጠቀለል ሦስት ፊደል ነው፤ ጮክ ቢባልም ቀስ ቢባልም ሦስት ፊደል።

ከጫማችሁ ዝቅ፣ ከኋላው ወንበር ትንሽ ከፍ ብዬ እጅ የምነሳችሁ፣
የምታውቁት ቀበጥ ልጃችሁ

የተረሳ፦ ሰብሳቢያችን ዓይን ካስጨፈኑ በኋላ «በዓይናችን በብረቱ» ያዩት ወንድሞች፣ ወይ አልጸለዩም፣ ወይ አላዩም። የትኛው እንደሆነ በሚመቻችሁ ጊዜ፣ ምሳ በልታችሁ፣ ወስኑልኝ።