የአባባ ምርቃትና የግቢያችን ፊውዝ

ይድረስ ለወንድሜ ለሙዘይን ቡሽራ፣
ጅቡቲ።

አሰላሙ አለይኩም ወንድምዬ። ጤናህ እንዴት ነው? ደረትህስ? ያ የናፍታ ጭስ ያመጣብህ ሳል ተሻለህ ወይስ አሁንም ከምትሠራባቸው ጀነሬተሮች ጋር ተራ በተራ ታጓራላችሁ? ሙቀቱስ ቀለለልህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን፤ የጎደልክብን አንተ ብቻ ነህ።

ደብዳቤህ ደርሶናል። የሁለቱ አገር መሐንዲሶች የኛን የውሃ ኤሌክትሪክ እስከ እናንተ የሚያደርስ መስመር እያጠኑ መሆኑን፣ አንተንም በቴክኒሻንነት እንደጠየቁህ፣ አባባ ካልመረቁህ ግን እንደማትፈርም ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አባባ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ያኔ ነገር እንደተበላሸ ገባኝ። በአንድ ቆጣሪ የምንጠቀም ሦስት ጎረቤቶች ፊውዝ ሳናቃጥል መሰንበት ያቃተን፣ ሁለት መንግሥት በአንድ ሽቦ እንዴት ይስማማል አሉ። ናፍታው ቢያስልህም የታወቀ እንጀራህ ነው አሉ። በቃ፣ ምርቃቱ ቀረ።

እኔ ደግሞ ታውቀኛለህ፣ ዝም አልልም። ግቢያችን አንድ ሳምንት ፊውዝ ሳያቃጥል ከቆየ ሙዘይንን ይመርቁታል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። እንደማይሆን እርግጠኛ ስለነበሩ እሺ አሉ። ተራ አወጣሁ። ልብስ ሰፊው ጋሽ ጉልላት ካውያቸውን ጠዋት፣ እማማ ጌጤ የኤሌክትሪክ ምድጃቸውን ቀን፣ እኛ የኛን ማታ። እማማ ጌጤ በልጅ ተራ አልታዘዝም ብለው ሲያበቁ፣ በማግስቱ የጋሽ ጉልላትን ካውያ በመስኮት ሲሰልሉ አገኘኋቸው። ከቀበሌ ጥበቃ የባሱ ሆኑልህ።

አምስት ቀን ሰላም ሆነ። በስድስተኛው ጠዋት ጋሽ ጉልላት ሱሪ ሲተኩሱ የግቢው መብራት ድርግም። ጋሽ ጉልላት እማማ ጌጤን፣ እማማ ጌጤ ጋሽ ጉልላትን፣ አባባ ደግሞ ነፋሱን ይወቅሱ ጀመር። እኔ ወደ ጓዳችን ገባሁ። ምድጃችን ላይ አባባ ለሶላት የሚታጠቡበት የውዱእ ማንቆርቆሪያ ለብ ብሎ ተቀምጧል። ብርዱ ጠንቶባቸው ያለ ተራቸው ደብቀው ጥደውት ኖሯል።

ምርቃትህን ያስቀረሁብህ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። አባባ ግን ማንቆርቆሪያውን አንጠልጥለው ወጡና፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብለው በጎረቤት ፊት ተናገሩ። አባባ እኮ፣ ተሳሳትኩ ብለው የማያውቁት! እማማ ጌጤ ከሳቃቸው ብዛት ነጠላቸው ወደቀ። ጋሽ ጉልላት ፊውዙን ቀየሩ፤ ተራው ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል።

ትናንት አባባ ወረቀት አምጪ አሉኝ። «ይፈርም፣ መርቄዋለሁ። መብራት በጠፋ ጊዜ ግን እኔ ነኝ ያጠፋሁት የሚል ሰው በሁለቱም ወገን ይኑር በይልኝ» አሉ። እንዳሉት ጻፍኩ፤ አንድ ቃል አልጨመርኩም።

ጋሽ ጉልላት ለሥራው ሱሪ ልስፋለት፣ ወገቡ ከስቶ እንደሆነ ይጻፍልኝ ብለዋል። እማማ ጌጤ ሰላም ይሉሃል፤ በነካ እጅህ ለእሳቸው የብቻ ቆጣሪ እንድታስገባላቸው ይለምኑሃል። እናታችን ዘይነብ ደግሞ የምትጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሥራህ ከየትኛው ወገን ነው የሚጀመረው? ከኛ ወገን ከሆነ ቶሎ ጻፍ። እሷ እንደሆነች ፍራሽህን ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ አስጥታዋለች።

እህትህ ረሂማ ቡሽራ
ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
ጥር 12 ቀን 1979 ዓ.ም.