የአያ ጉርጥ ድምፅ የነበሩት የአቶ ምሰሶ የሕይወት ታሪክ

በቁመታቸው የተነሣ ዘመድ ወዳጅ «ምሰሶ» እያለ የሚጠራቸው ባለቤት፣ አባትና አያት ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው መጋቢት 11 ቀን 1945 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው ስንቱን ሕፃን ያዋለዱ ቢሆኑም «እንደዚህኛው እግሩ ወጥቶ የማያልቅ አላየሁም» ይሉ ነበር።

በኤሌክትሪክ ሙያ ዲፕሎማ ካገኙ በኋላ በ1967 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ጣቢያ የመብራት ሠራተኛ ሆኑ። በ1971 ዓ.ም. የልጆች ክፍለ ጊዜ አሻንጉሊት አጫዋች በድንገት ሥራ ሲለቁ፣ «ለዛሬ ብቻ» ተብለው አሻንጉሊቱን ይዘው ጠረጴዛ ሥር ገቡ። ዛሬዋ ሃያ ስድስት ዓመት ፈጀች።

አያ ጉርጥ ከአረንጓዴ ካልሲ የተሰፋ፣ ዓይኑ የካፖርት ቁልፍ የሆነ ዘፋኝ አሻንጉሊት ነበር። ጠረጴዛው ግን ለአጭር ሰው የተሠራ ነው። ምሰሶ ጉልበታቸውን ከአገጫቸው አጋጥመው ሲዘፍኑ ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው፣ እያንዳንዱን ስንኝ መሐል ላይ ቆርጠው፣ አየር ስበው ይቀጥሉ ነበር። ልጆቹም ዘፈን ማለት ይኸው ነው ብለው አደጉ። ሳያቋርጥ የሚዘፍን ሰው በሬዲዮ ሲሰሙ «ይሄ ሰውዬ ማን እያባረረው ነው?» ይሉ ጀመር።

በ1974 ዓ.ም. አንዲት የሙዚቃ መምህርት ጣቢያው ድረስ መጡ። በውድድር ላይ አርባ ተማሪዎቻቸው በአንድነት ስንኙ መሐል ሲቆሙ፣ ፒያኖው ብቻውን ወደፊት ሄዶ ነበር።

«ጌታዬ፣ የልጆቼን ጆሮ አበላሹብኝ!» አሉ።

«እመቤቴ፣ ጥፋቱ የጠረጴዛው ነው» የሚል ድምፅ ከሥሩ መለሰ።

መምህርቷ አናጺ አምጥተው ጠረጴዛውን ሁለት ስንዝር ከፍ አስደረጉት። በሳምንቱ አያ ጉርጥ ስንኙን ሙሉ ዘፈነ። ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ የጣቢያው ስልክ ጮኸ፦ «አያ ጉርጥን የት አደረሳችሁት? ይሄኛው አስመሳይ ነው!» የገዛ ልጃቸው እራት አልበላም ያለችባቸው ሥራ አስኪያጅም፣ ወይ የድሮው አዘፋፈን ይመለስ ወይ ክፍለ ጊዜው ይዘጋ አሉ። ምሰሶ ከዚያ ወዲህ ትንፋሽ ሳያጥራቸው፣ ወደው ስንኙ መሐል ይቆሙ ጀመር።

መምህርቷን ይቅርታ ለመጠየቅ ትምህርት ቤት ድረስ ተመላልሰው፣ በ1976 ዓ.ም. ትዳር መሠረቱ፤ ሦስት ልጆችም አፈሩ። ባለቤታቸው ከሰኞ እስከ ዓርብ በክፍል ያስተካከሉትን እሳቸው ቅዳሜ ጠዋት በቴሌቪዥን ያፈርሱት ነበር። ልጆቻቸው ሳይቀሩ ለአባታቸው ወገኑ። «እማዬ፣ ያንቺ ልክ ነው፤ የአባዬ ግን ይናፍቃል» ያለችው ትንሿ ናት። ያ ትውልድ አድጎ ዛሬ ሠርግ ሲደግስ፣ መሐል ላይ የማይቆም ዘፋኝ አይጠራም።

ምሰሶ በ2015 ዓ.ም. በሳንባ ሕመም ተያዙ። ሐኪማቸው በአያ ጉርጥ ያደጉ ስለነበሩ አንድ ስንኝ ሳያዘፍኗቸው መርፌ አይወጓቸውም ነበር። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 6 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ70 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ፣ አምስት የልጅ ልጆች፣ እንዲሁም ቁጥሩ የማይታወቅ ጆሮው የተበላሸ ሕዝብ ትተው አልፈዋል።

ዛሬ በዚህ ሽኝት ላይ የሚዘምሩትን ልጆች የሚመሩት ባለቤታቸው ናቸው። በሙያ ረገድ አቋማቸውን አልለወጡም፤ ስንኝ መሐል መቆም ስሕተት ነው። ሆኖም ልጆቹ በምሰሶ አዘፋፈን እንዲዘምሩ ፈቅደዋል። መዝሙሩ መሐል ላይ ዝም ሲባል እባካችሁ ከመቀመጫችሁ አትነሡ፤ ገና ግማሹ ነው።

የልጆችን ሳቅ የለመደች ነፍሳቸውን ፈጣሪ በደስታ ይቀበላት።