ለልጄ ሦስት ጊዜ ስለታዘዘው ሙቅ ውሃ

ለተከበሩ አቶ ታን ዌይሊን፣ የመብራት ፋብሪካው የሠራተኞች ክሊኒክ ኃላፊ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም የተሟላ ጤና እመኛለሁ። በተለይ ሆድዎን እንዳያምዎ።

እኔ በአምፖል መግጠሚያው ክፍል ሁለት ዓመት የሠራችው የቹ ሊያንቻው እናት ነኝ። የሞቷ ወሬ የደረሰኝ ብርዱ በጀመረ በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ጎመን በጨው ሳሽ ነው። ስልኩን ያነሳሁት በጨዋማ እጄ ነበር። ጎረቤቴ ከመሬት አንስታ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝና «ጠጪ እህቴ፣ ሙቅ ውሃ ነው» ብላ ብርጭቆ አስያዘችኝ። ጠጣሁት። ሌላ የሚሰጥ ነገር ሲጠፋ የምንሰጣጠው እሱን ነው፤ እርስዎም ያውቁታል።

የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ስለሆነ የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው፤ ስሕተት ቢያገኙ ይቅርታዎን እለምናለሁ። እንዳይደክምዎ ምስጋናዬን በቁጥር አስቀምጫለሁ።

አንደኛ፦ ልጄ ሰኞ ዕለት ሆዷን ይዛ ስትመጣ ሳታጉላሉ ስላሰናበታችኋት አመሰግናለሁ። ትእዛዙም በወረቀት ተጽፎ ተሰጥቷታል፦ «ሙቅ ውሃ በብዛት ትጠጣ።»

ሁለተኛ፦ ማክሰኞ ቀኝ ጎኗ ጠንክሮ፣ እያስመለሳት ስትመጣም ሐሳባችሁን አልቀየራችሁም። እንዲህ ያለ ጽናት በዛሬ ዘመን ብርቅ ነው። አብራት የምትኖረው ኒ ሹዋንግ ደግፋት ቆማ ስለነበር፣ ነርሷ ያለችውን ነግራኛለች፦ «እናንተ ልጆች በረዶ የገባበት ሻይ ትጋቱና እኛ ላይ ትንጋጋላችሁ! ሂጂ፣ ፔርሙዝሽን ሙዪ።» ልጄም ሞላችው። ሦስት ፎቅ ተሸክማው ወጣች።

ሦስተኛ፦ ረቡዕ። ወረቀቱ ላይ ያው ቃል ነው፤ የጻፈው እጅ ብቻ ቸኩሏል። ሐሙስ የከተማው ሆስፒታል ሲቀበላት ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ቆይቶ ነበር። ኋላ ስደርስ ሐኪሙ «አንድ ቀን ቀደም ብላ ብትመጣ...» አለኝ።

አራተኛውን ለእናንተ ልሰጥ አልችልም፤ የእኔ ነው። ማክሰኞ ከክሊኒኩ እንደወጣች ደውላልኝ ነበር። ያልኳትን እርስዎ ይገምቱታል። እያመማት ሳቀች። «እማ፣ አንቺ እኮ እጄ ቢቆረጥም ሙቅ ውሃ ጠጪበት ነው የምትይኝ» አለችኝ። «አትለፍልፊ፣ ጠጪ!» አልኳት። ይህን ተሸክሜ እኖራለሁ። ግን እኔ ነጭ ጋወን አልለበስኩም፤ ሆዷንም በእጄ ልዳስስ አልችልም ነበር፣ በባቡር የአንድ ቀን መንገድ ርቄ ነበርና። የእርስዎ ሰዎች የራቋት አንድ ክንድ ነበር።

ይህንንም ቢሆን አልቅሼ እተወው ነበር። ያልቻልኩት በማኅተም የላኩልኝን ቃል ነው፦ «ሟች ሕመሟን ደብቃ ለክሊኒኩ አላሳወቀችም።» ልጄ መደበቅ አታውቅም። ስትራብ የምትናገር፣ ስትወድቅ ሰፈሩን የምታሰማ ልጅ ነበረች። ሞታ ውሸታም አትባልብኝ። ያችን አንዲት መስመር ይሰርዙልኝ፤ ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም።

ውድ ጊዜዎን ለአንዲት ገበሬ ሴት ደብዳቤ ስለሠዉ እጅግ አድርጌ እያመሰገንኩ፣ ሥራዎ እንዲቃና፣ ልጆችዎም ሲታመሙ የሚያምናቸው ሰው እንዲያገኙ ከልብ እመኛለሁ።

አክባሪዎ፣ የሊያንቻው እናት ፌንግ ጉዪጄን

ማሳሰቢያ፦ የእነዚያ ሦስት ቀናት ገጽ ከመዝገባችሁ እንደጠፋ ሰምቼ አዘንኩ። ደስ ይበልዎ፣ ሦስቱም ወረቀቶች ከነቀናቸው በካፖርቷ ኪስ ተገኝተዋል። በፍለጋ እንዳትደክሙ ቅጂያቸውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በፋብሪካው በር፣ በአውቶቡስ ማቆሚያውና በመኝታ ቤቶቹ ግድግዳ ላይ ለጥፌላችኋለሁ።

ቆማችሁ የምታነቡ ልጆች ሆይ፣ ሊያንቻው ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። በምታምኑበት ሁሉ ፊት ስሟን ጠርታችሁ መንገዷ እንዲቀናላት ጸልዩላት። ሆዱን ያመመው ካለ ግን አስቀድሞ ሆስፒታል ይሂድ፤ ጸሎቱ ይደርሳል።