ለአሥራ አንድ ወር «ነፍሰ ጡር» ስለነበረችው እህቴ

ለተከበሩ የዋርካ ሜዳ ጤና ጣቢያ ኃላፊ
ባሉበት

ሰላምና አፊያ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በሽተኛን ቀና ብለው ሳያዩ መጻፍ ለሚችለው እጅዎ ይሁን እያልሁ፣ ከመካነ ሰላም የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቄ የምኖር ገበሬ አወቀ በፍቃዱ፣ ስለ ታናሽ እህቴ ስለ ብዙዬ ላመሰግንዎ ይህን በአደባባይ ጻፍሁ።

1ኛ. ብዙዬ ባሏ ይሄነው ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኗት ከእኔ ጋር ትኖር ነበር። ሆዷ እየገፋ፣ የወር አበባዋ እየበዛ ቢያስቸግራት ወደ እርስዎ መጣች። የሽንት መመርመሪያው አልቆ ኖሮ፣ አስተኝቶ መዳሰሱም እንዳያደክማት አዝነው ይመስለኛል፣ ከወንበርዎ ሳይነሡ ካርዷ ላይ «ነፍሰ ጡር» ብለው ጻፉላት። «ደም እየፈሰሰኝ እንዴት?» ብትልዎ «አንዳንዴ ያጋጥማል» አሏት። ስለ ቅልጥፍናዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

2ኛ. ወረፋ የያዘው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው «እንኳን ደስ ያለሽ» ስላሏት፣ ወሬው ከእሷ ቀድሞ መንደር ገባ። ይህንም ድካምዎን አንረሳውም።

ሦስተኛውን በእርስዎ ላይ ልጽፈው አልቻልሁም፤ የእኔ ነው። «አያ፣ በይሄነው አፅም፣ ወንድ አልነካኝም» ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። እኔ ግን የተማረ ሰው የጻፈውን አመንሁና ከቤቴ አስወጣኋት። ጎረቤታችን ኡምኩልሱም ተቀበለቻት። ዘጠኝ ወር አለፈ፤ አሥራ አንድ ሆነ። ሁለት ጊዜ ወደ እርስዎ ተመልሳ ብትመጣ «ቆጠራ ተሳስተሽ ነው» ብለው ሸኟት። አንድ ጠዋት ኡምኩልሱም በሬን ደብድባ «የእህትህ ደሟ አለቀ፤ ኩራትህን ተወውና ና!» አለችኝ። ባገኘነው የጭነት መኪና ደሴ አደረስናት።

እዚያ ያየቻት ሐኪም በአልትራሳውንድ መርምራ፣ «እርግዝና የለም። ማዮማ ነው፤ ማህፀን ላይ የሚበቅል እጢ፤ ካንሰር አይደለም። ብዙ ሴቶች አላቸው፤ አብዛኞቹን አይጎዳም። እንዲህ ደም ሲያፈስ ግን መድኃኒትም፣ ቀዶ ጥገናም ነበረው። ለምን ይህን ያህል ቆያችሁ?» አለችን።

ብዙዬ ግን በዚያ በነጣ ከንፈሯ ሳቀች። «ሰማህ አያ? እጢ ነው!» አለችኝ፤ ልክ እንደ ዳነች ሁሉ ደስ አላት። ለአገሩ ሁሉ እንድነግርላት አስማለችኝ። በማግስቱ ደም እየተሰጣት ሳለ አረፈች።

መሐላዬን ይኸው ፈጸምሁ።

ብዕርዎ እንዳይነጥፍ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ በዚህ ሥራ የእርስዎ ረዳት የነበረው
አወቀ በፍቃዱ

ማስታወሻ፦ ባለቤቴ አስቻለችም የወር አበባዋ አሥር ቀን እየቆየ ያስቸግራታል። ሰኞ ይዣት እመጣለሁ። እባክዎ እስክሪብቶ ከማንሣትዎ በፊት እጅዎን ታጥበው ይዳስሷት። ካልሆነልዎም አይፈሩ፤ «አላውቅም፣ ደሴ ሂዱ» ማለትም ሕክምና ነው።